ቤታችን ያፈሳል

የቤታችንን ጣሪያ ያስጠገንኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ ይህን ታሪክ ለሰማኝ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ አውርቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዛሬ የማወራውም ስለደከመኝ ነው። ዝም ማለትም ለካ ያደክማል።

እናቴ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ አጣቢ ነበረች። ከማረፊያው ጀርባ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች ነበሩ፤ በአንዱ ትዘፈዝፋለች፣ በአንዱ ታሻለች፣ በአንዱ ታለቀልቃለች። በቀን ስልሳ አንሶላ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአንሶላዎቹ መሃል ስሟን እየጠራሁ እሽሎከለካለሁ፣ እሷም ሆን ብላ ዝም ትልና ድንገት እርጥብ እጇን ከኋላ አንገቴ ላይ ታሳርፈዋለች። የጣቶቿ ጫፍ ሁልጊዜ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ የተጨማደደ ነበር።

የሰፈሩ ሰው «ዝምተኛዋ» ነበር የሚላት። ዝምተኛ አልነበረችም። አፍ በፈታንበት ቋንቋ ስታወራ ከእሷ የባሰ ቀልደኛ አልነበረም፣ ሰው ስታስመስልማ ሆዴን ይዤ እንፈራፈር ነበር። ምን ያደርጋል፣ የሚስቅላት እኔ ብቻ ነበርኩ። የከተማውን ቋንቋ የሚያውቀው አባቴ ነበር፤ እኔ ሳልድህ ሲሞት ቋንቋውንም ይዞት ሄደ። በዚያ ከተማ የእኛን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው የማረፊያው ዘበኛ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ደግ ሽማግሌ ቢሆንም ወንድ ነው።

እኔ የከተማውን ቋንቋ በትምህርት ቤት ተማርኩት። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ የእናቴ አፍ ሆንኩ። ወፍጮ ቤት እኔ፣ ሱቅ እኔ፣ ቀጠሮ ያለበት ቦታ ሁሉ እኔ ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን «አፈ ጉባኤዋ መጣች» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ ማሾፍ መሆኑ ግን አልገባኝም፣ ሹመት መስሎኝ ነበር። እርግጥ ሁልጊዜ ታማኝ አስተርጓሚ አልነበርኩም። አስተማሪዬ «ልጅሽ ለፍላፊ ናት» ሲላት «ልጅሽ ጎበዝ አንባቢ ናት» ብዬ ተርጉሜ አውቃለሁ። እናቴ የሰውየውን ፊት አይታ ነገሩ ስለገባት ቤት ስንደርስ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

በዚያ ዓመት በበጋው መጨረሻ ላይ እናቴ ሰነፈች። እኔ ያሰብኩት እንዲያ ነበር። ወደ ማረፊያው የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ሦስቴ አራቴ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ከንፈሯ ነጣ። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ደግሞ ቀድማኝ ተነስታ፣ ጥግ ላይ አጎንብሳ፣ በትንሿ ሳፋ ጨርቅ ስታጥብ አገኛታለሁ፤ ውሃው ቀይ ነው። ምንድነው ስላት ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ነው አለችኝ። የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ለምን ቤት ድረስ ታመጪዋለሽ ብዬ ተቆጣኋት። እሷም እሺ አለችኝ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ሳልነሳ መድፋት ጀመረች።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ እንሂድ አለችኝ። መንገድ ላይ ቆም ብላ አገጬን ያዝ አደረገችና፣ «ዛሬ የምነግርሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ነው የምትናገሪው» አለችኝ። የአስተማሪዬ ጉዳይ ትዝ ብሏት እንደሆነ ስለገባኝ አፈርኩ፤ ማልኩላት።

ጤና ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ ስላልነበረ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ከበሩ በላይ «አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ባለጉዳይ ይዞ ይምጣ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጮክ ብዬ አነበብኩትና ለእናቴ ተረጎምኩላት፣ «እኔን ነው የሚሉት» ብዬም ጨመርኩ። ወንበሩ ላይ ያሉት ሰዎች ስቀው አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ እናቴን አስቀመጠቻት። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው ይዘነው የምንመጣው አስተርጓሚ የስንት ዓመት ሰው ይሆናል ብሎ እንዳሰበ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ብላ ያላየች ሴት ትመስል ነበር። በእናቴ ልማድ ቢሆን ፊት አይቶ ነገር መገመት ይቻላል፣ የዚህች ሴት ፊት ላይ ግን ከድካም በቀር ምንም አልነበረበትም። «ምን ሆና ነው?» አለችኝ እየጻፈች። እኔም ወደ እናቴ ዞርኩ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ቤቴ ያፈሳል በያት» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ከአልጋችን ራስጌ ያለው ጥግ እውነትም ያፈሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ሳፋ እንደቅንበታለን። ግን ሰው ሳል ይዞ፣ የተሰበረ እጅ ይዞ በመጣበት ቦታ ስለ ጣሪያ ይወራል? እፍረቱ ጆሮዬን አጋለው። ቢሆንም ምያለሁ። «ሲስተር፣ ቤታችን ያፈሳል ትላለች» አልኩ።

በእኛ ቋንቋ ያገባች ሴት ያን ነገር በስሙ አትጠራውም። ማህፀን «ቤት» ነው። ደም ከልኩ አልፎ አልቆም ሲል «ቤቷ አፈሰሰ» ይባላል። ይህን የማታውቅ ሚስት የለችም፣ የሚያውቅ ልጅም የለም። የሚገርም አባባል እንዳይመስላችሁ፤ አሁን በምጽፍበት በዚህ ቋንቋስ «አበባ» አይደል የምንለው? አንዲት የባዕድ አገር ሕፃን መጥታ «የእናቴ አበባ አልቆም አለ» ብትል ወደ አትክልተኛው ሊልኳት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። እሱም ውሸት ነው። እናቴ «ቤቴ» አለች፤ እኔ «ቤታችን» አልኩ። የከተማው ሰው ቤቱን ሲጠራ እንደዚያ ስለሚል፣ አሳምሬ መናገሬ ነበር። «ቤቴ ያፈሳል ትላለች» ብዬ ብተወው ነርሷ ምናልባት ቀና ትል ነበር። ምናልባት።

ነርሷ የድካም ፈገግታ ፈገግ አለች። «የቤት ጉዳይ እዚህ አይደለም የእኔ እናት። ማዘጋጃ ቤት፣ መስኮት አራት» አለችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ማዘጋጃ ቤት ለሚለው በእኛ ቋንቋ ቃል የለንም። ቃሉን ፈታትቼ፣ «የቤት ጉዳይ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው አለች፣ ቤት የሚያበጁበት ቦታ አለ፣ አራተኛው መስኮት» ብዬ ነገርኳት። እናቴ ከወንበሩ ስትነሳ ፊቷ በርቶ ነበር። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ለብቻው ቦታ አላቸው እንዴ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አላቸው አልኳት።

መስኮት አራት ውስጥ የሚሠራው ሰው በከተማው ሁሉ «ማኅተሙ» እየተባለ ነው የሚጠራው፤ ማኅተሙን ለምሳ ሲወጣ እንኳ ከኪሱ አይለየውም ይባላል። እናቴ ስታየው ወንድ ነው እንዴ ብላ በሻሿ አፏን ሸፈነች። እዚህ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው አልኳት። ሐኪም ነው? ስትለኝ ኃላፊው ነው አልኳት፤ ሁለቱም መልሶቼ እውነት ነበሩ። ሰውየው እኔን ለማየት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጎንበስ አለና ሳቀ። ደግ ሰው ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ብፈልግ ብፈልግ ላገኝ አልቻልኩም፣ ይህም ራሱ ያደክመኛል።

ቅጽ አወጣና ይጠይቀኝ ጀመር። ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? ሦስት ወር አለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች። ብዙ ነው ወይስ ጠብ ጠብ ነው? ዓይኖቿን ጨፈነች፣ ሌሊት ይብሳል፣ ቀን ደግሞ ገንዳው ጋ ብዙ ስቆም ይወርዳል አለች። የገንዳው ነገር ከጣሪያ ጋር ምን እንዳገናኘው ስላልገባኝ «ሌሊት ይብሳል» ብቻ አልኩት። ከዚህ በፊት ተጠግኖ ያውቃል? ብሎ ጠየቀ።

እናቴ ትንሽ አሰበች። «አንቺን ስወልድ ጊዜ አንዲት አዋላጅ አቁማልኝ ነበር በይው» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ በእውነት ተናደድኩ። እናቴ ስለ እኔ መወለድ ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ ታወራለች፣ ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ? «አንዴ ተጠግኗል» አልኩት። እሱም ጻፈ። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ አለበትና ወረቀቱ ላይ ዷ አደረገው። «ባለሙያ ቅዳሜ ቤት ድረስ መጥቶ ያየዋል፣ እናትሽን አይዞሽ በያት» አለኝ።

ይህን አንድም ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላት። እናቴ «ቤት ድረስ?» አለች። ከዚያ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰውየውን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው፤ እንባዋ ሻሿ ላይ ወረደ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ የማያስፈልገውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ወደ ማረፊያው ስንመለስ ዳገቱን አንዴም ሳትቀመጥ ወጣችው። የማኅተሙን አተነፋፈስ እያስመሰለች መንገዱን ሙሉ አሳቀችኝ።

ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅዳ ቀረች። ቤቱን ጠርጋ፣ ውሃ አሙቃ ገላዋን ታጠበች፣ ንጹሕ ፎጣ ወንበር ላይ አጥፋ አስቀመጠች። ከማረፊያው ለአንድ ቀን ብላ የተዋሰችውን ነጭ አንሶላ አልጋችን ላይ ዘረጋችው። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ነጭ ነገር ቤታችን ውስጥ አይቼ አላውቅም። ሰዎቹ ሲመጡ ሰላምታውን ተርጉሚልኝና ውጪ ወጥተሽ ተጫወቺ አለችኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ተቀምጣ ጠበቀች።

ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ መሰላል ተሸክሟል፣ ሌላው አራት ቆርቆሮ።

እናቴ ከኋላቸው ሌላ ሰው የሚገባ መስሏት በሩን ታያለች። «ሴት አልላኩም?» አለችኝ። «ጣሪያ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው እማ» አልኳት። መሰላል የያዘው ሰው የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም በጣቴ ወደ ላይ፣ ወደ ጥጉ አሳየሁት። እናቴ መሰላሉን አየች። ቆርቆሮውን አየች። ጣቴን ተከትላ ጣሪያውን አየች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች፣ ብዙ ቆይታም አየችኝ።

ከዚያ ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ ስትስቅ ስትስቅ እንባዋ መጣ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሰዎቹም ምኑ እንዳሳቀን ሳያውቁ ሳቁ። እኔ ደስታ መስሎኝ፣ ሰው ለጣሪያ እንዲህ ሲደሰት በማየቴ ኮርቼ ነበር። ስታበቃ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች፣ የቆርቆሮ ዝገት እንዳይወድቅበት ነጩን አንሶላ ቀስ ብላ አራት ቦታ አጠፈችው።

ሚስማሩ ሲመታ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አፈ ጉባኤዋ ጣሪያ አስመጣች ተባለ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ አስረዳለሁ፤ እናቴ ደጅ ላይ የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጣ መዶሻውን ታዳምጣለች። ሰዎቹ ሲጨርሱ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፣ አነበብኩላት፦ «ጣሪያው ታድሷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ጀንበር ስትጠልቅ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ልጄ፣ ቤት ማለት…» ብላ ጀመረችና አቆመች። አልጋው ከፍ ያለ ስለነበር እግሬ መሬት አይነካም፣ እያወዛወዝኩት ነበር። እግሬን ስታየው ትዝ ይለኛል። «ተይው፣ ሂጂ ተጫወቺ» አለችኝ። ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ተመላልሰናል። አንዴ ራሴን ያመኛል በያት አለችኝ፣ አንዴ ድካም ድካም ይለኛል በያት። በትክክል ተረጎምኩ። ለራስ ምታትም ለድካምም ክኒን ሰጡን። እናቴ፣ ነርሷ የከንፈሬን መንጣት አይታ ራሷ ብትጠይቅ ብላ ተስፋ አድርጋ እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ነርሷ ግን ቀና አላለችም። እናቴ በመጨረሻ ለታላቅ እህቷ፣ ለአክስቴ፣ በአውቶቡስ ሾፌር መልእክት ላከችላት። መልእክቱ እስኪደርስ፣ አክስቴም መንገዷን የዘጋው የክረምት ወንዝ ጎድሎላት እስክትሻገር ድረስ ሁለት ወር አለፈ።

አክስቴም የከተማውን ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። ግን ሴት ነበረች፣ ትልቅ ሰውም ነበረች። እኔን ዘበኛው ዘንድ ትታኝ እናቴን ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፣ ወረፋውን ጥሳ ገባች፣ ከዘንቢሏ ጨርቆቹን አውጥታ የነርሷ ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ዘረገፈቻቸው። ያን ጊዜ ነርሷ ቀና አለች። መኪና ተጠርቶ እናቴ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተወሰደች። በአምስተኛው ቀን ሞተች። በወረቀቷ ላይ የተጻፈው «ታካሚዋ የመጣችው ዘግይታ ነው» ይላል።

ዘግይታ አልመጣችም። ሦስት ጊዜ መጥታለች፣ ከእኔ ጋር።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ። የጣሪያውን ታሪክ ለእንግዶች እየተኩራራሁ ሳወራ ሰምታ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። እናቴ ያኔ ለምን ዝም አለች፣ ለምን አላስረዳችኝም ብዬ ጮህኩባት። አክስቴም እናቴን ያንኑ ጠይቃት ነበር። እናቴ የመለሰችላት ይህን ነው፦ «ይህን በልጄ አፍ አላስወጣውም። ሞቴን ለሰው የምትነግር ልጅ አላደርጋትም።»

አሁን የምሠራው በአንድ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ነው። አስተርጓሚ ይቀጠርልን ተብሎ ስንት ዓመት ከተለመነ በኋላ አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና እኔ ተሰጠን። የሌሎች አራት ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ዛሬም ይዘው የመጡትን ይዘው ይገባሉ። አንድ ሕግ አለኝ፤ ሐኪሞቹም ለምደውልኛል። እናቱን ወይም አያቱን ይዞ የመጣ ልጅ ከእኔ ጋር ወደ ክፍሉ አይገባም። ውጪ ጠብቁ እላቸዋለሁ። ልጆቹ ይቀየሙኛል፣ አንዳንዶቹ ከእኔ የተሻለ እንደሚችሉ ሊያሳዩኝ በሩ ላይ ሆነው ይለፈልፋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጉጉት ዓይን ልጅ አያቷን ስቀበላት፣ ሥራዋን የነጠቅኳት ያህል ገላምጣኝ ወጣች። ተከትዬ ወጥቼ ጎበዝ ነሽ ልላት አሰብኩ፤ ሠላሳ ሰው ወረፋ ይጠብቀኝ ነበርና ሳልወጣ ቀረሁ።

ከሁሉም የማይለቀኝ ግን ሆስፒታሉም፣ ወረቀቱም አይደለም። አክስቴ ከመምጣቷ ከጥቂት ቀናት በፊት የወረደው ዝናብ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ እናቴ ተኝታለች፣ ቆርቆሮው እየተደበደበ ድምፃችን አይሰማም። በልማድ ሳፋውን ከራስጌዋ ደቅኜ እየተጠባበቅኩ ነበር። ጥጉን አየሁ፣ ሳፋውን አየሁ፣ አንድም ጠብታ የለም። ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብዬ፣ እንድትሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አፍ በፈታንበት ቋንቋ፣ «እማ፣ ቤትሽ እኮ አያፈስም!» አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ የጣቶቿ ጫፍ ግን ከገንዳ ከራቀች ስለሰነበተች ለስልሷል። «አዎ ልጄ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ ያቆምሽልኝ።»

እኔም ደረቁን ሳፋ ይዤ ለጎረቤት ላሳይ ሮጬ ወጣሁ።